ጡሩምባ ያልነፉት ጋሼ ዘለቀ

ባለፈው ወር የአንድ ጎረቤታችን ቀብር ላይ ቆሜ ነበር። እንደ ደንቡ የሕይወት ታሪካቸው ይነበብ ጀመር። አንባቢው ድምፁ የሚያምር ወጣት ነው። ትውልዳቸውን፣ ትምህርታቸውን፣ የሥራ ዘመናቸውን በሐዘን ዜማ ሲያወርደው ቆየና «ባለቤታቸውን ቀደም ሲል በሞት የተነጠቁት እኚህ ደግ አባት» አለ። ባለቤታቸው ከሣጥኑ አጠገብ ቆመው ያለቅሳሉ። ለቅሷቸውን አቋረጡና በጣም ቀስ ብለው «ኧረ እኔ አለሁ ልጄ» አሉት።

ልጁ ወረቀቱን አየ፤ ሴትዮዋን አየ፤ ወረቀቱን ደግሞ አየ። የቱን ማመን እንዳለበት የቸገረው ይመስል ነበር። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ጠቅልዬ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅሁ። ሴት ልጄ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። ከኋላችን የቆሙት ግን የማለቅስ መስሏቸው «አይዞሽ እናቴ፣ ሁላችንም ወደዚያው ነን» አሉኝ። ቤት ገብቼ እግሬን ዘርግቼ ስቀመጥም ሳቁ አልለቀቀኝም። ወረቀት አንድ ነገር ሲናገር ሰው ሌላ ነገር ሆኖ ፊቱ ሲቆም ያን ቀን ያየሁት የመጀመሪያዬ አልነበረም። ጋሼ ዘለቀ ትዝ አሉኝ።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ማብቂያ ነው። የጽሕፈት መኪና ትምህርት ጨርሼ ሥራ የምጠብቅ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ኮልፌ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር የሰፈራችን መንገድ ጭቃ ብቻ ስለሚሆን ጫማችንን በእጃችን ይዘን እስከ ፌርማታ በባዶ እግር እንሄዳለን። እዚያ ካለችው ቦኖ እግራችንን ታጥበን፣ ጫማችንን አድርገን፣ ከዚያ እንደ ከተማ ሰው አውቶቡስ እንሳፈራለን። ውኃ ሻጩ ለእግር መታጠቢያ አንዳንድ ጣሳ በነጻ ይሰጠን ነበር። እንዲህ ያለው ቸርነት ዛሬም ይኖር ይሆን እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ።

ጋሼ ዘለቀ አየለ የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ደረታቸው ሰፊ፣ ሲሄዱ ግራ እግራቸውን ሳብ የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። ኮሪያ ዘምተዋል፤ መትረየስ ተኳሽ ነበሩ። ከሠራዊቱ ከተሰናበቱ በኋላ የአንድ እህል መጋዘን ዘበኛ ሆኑ። ግራ ጭናቸው ውስጥ ከዚያ ጦርነት የቀረ የቦምብ ፍንጣሪ አለ። ይህ ፍንጣሪ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ስለሚያማቸው የሰፈሩ ሴቶች በርበሬ ከማስጣታቸው በፊት መጀመሪያ እሳቸውን ይጠይቃሉ። «ጋሼ ዘለቀ፣ ዛሬ ላስጣ?» ሲሏቸው ጭናቸውን ጫን ጫን አድርገው «አስጪው፤ ከሰዓት ግን አንሺው» ይላሉ። በራዲዮ ከሚነገረው ይልቅ የእሳቸውን ጭን እናምን ነበር።

የዚያ ዓመት ክረምት ግን እግሩ ትንቢቱን ትቶ ማበጥ ጀመረ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ለጋ ቅቤ ቀብተው፣ በሞቀ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ጠበል ወስደው ሲያቅታቸው «አሁንስ ወደ ሐኪም» ብለው ገፍተው አስወጧቸው። በዘመቻ ላይ የቆሰለ ወታደር በመንግሥት ይታከማልና ጋሼ ዘለቀ የክብር ልብሳቸውን ለብሰው ሄዱ። ምሳ ሳይደርስ ተመልሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ።

ነገሩን የነገሩን እትዬ አስካለ ናቸው። የሆስፒታሉ ጸሐፊ ከመዝገብ ቤት የመጣውን ማስረጃ ገልጦ አይቶ «አባቴ፣ እርስዎ ጡሩምባ ነፊ ነዎት። የቆሰሉበትም ጊዜ የለም። ጭንዎን የወጋዎት ሌላ ነገር ይሆናል» ብሎ መልሷቸዋል።

አንባቢዬ ኮልፌን ካላወቅህ የዚህ ስድብነት ላይገባህ ይችላል። በእኛ ሰፈር ጡሩምባ ነፊ ማለት የእድር ጡሩምባ ነፊ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ በየመንደሩ እየዞረ እገሌ ሞተ ብሎ የሚለፍፍ። ወሬው እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ እናቴን አልጠረጥርም ለማለት ግን አልችልም። በሳምንቱ የእድራችን ሊቀመንበር መጥተው ከጋሼ ዘለቀ አልጋ አጠገብ ተቀመጡና በጣም በትሕትና «ነፊያችን እንደሚያውቁት ትንፋሹ ደክሟል። ለካ እርስዎ ሙያው አለዎት፤ ምነው ይህን ያህል ዘመን ደበቁን?» አሏቸው። ሊቀመንበሩ ሲወጡ ጋሼ ዘለቀ ከአልጋቸው ተነሡና በግድግዳው በኩል ጠሩኝ።

«ጽጌ፣ ያንን የመኪና ጽሕፈትሽን ይዘሽ ነይ።»

የጽሕፈት መኪናው የትምህርት ቤቱ እንጂ የእኔ አልነበረም። እርሳስና ወረቀት ይዤ ሄድኩ። ማመልከቻው የሚጀምረው ከተወለዱበት መንደር ሆነ። ከዚያ የአባታቸው በቅሎ፣ ከዚያ የተቀጠሩበት ቀን፣ ከዚያ መርከቡ፣ መርከቡ ላይ ያስታወካቸው ምግብ መጣ።

«ጋሼ፣ ጉዳዩ እኮ የጭንዎ ነው» አልኳቸው።

«ጭኔ አብሮኝ ነው የተወለደው። ጻፊ።»

ጻፍኩ። በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሄጄ አስተማሪዬን አስፈቅጄ በአንድ ገጽ አሳጥሬ ተየብኩት። በቅሎዋን አስቀረኋት፤ ሳነብላቸው መቅረቷን ቢያስተውሉም ይቅርታ አደረጉልኝ።

የጦር ሠራዊቱ መዝገብ ቤት ጣሪያው ከፍ ያለ፣ የአሮጌ ወረቀትና የነጭ ጋዝ ሽታ የሞላው ክፍል ነው። እኔ፣ ጋሼ ዘለቀና እትዬ አስካለ አንድ አግዳሚ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። የዚህ ቤት ጸሐፊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ዓይነት ሰው ነበር፤ ክፉ ግን አልነበረም። ማመልከቻውን አነበበና ፋይሉን አወጣ።

«ወታደር ዘለቀ አየለ፤ ጡሩምባ ነፊ። ይኸው በቀለም ተጽፏል።»

«በሕይወቴ ጡሩምባ ነክቼ አላውቅም» አሉ ጋሼ ዘለቀ።

«ላለመንካትዎ ማስረጃ አለዎት?»

እትዬ አስካለ ጣልቃ ገቡ። «አንተ ልጅ፣ አንተስ በገና ላለመደርደርህ ማስረጃ አለህ?»

ጸሐፊው አሰበበት። በገና ላለመደርደሩ ማስረጃ እንደሌለው ገባው መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ መደርደሪያው ተመለሰና ሁለተኛ ፋይል ይዞ መጣ። «አንድ ሌላ ወታደር ዘለቀ አየለ አለ» አለ። «መትረየስ ተኳሽ፤ ጭኑን የቆሰለ። አድራሻው ቀራንዮ።»

ጋሼ ዘለቀ ፊታቸው ተለወጠ። «ረጅሙ ዘለቀ» አሉ። «የእኛ ጡሩምባ ነፊ። አንድ ሻምበል ውስጥ ነበርን። ስማችን እስከ አባታችን አንድ ስለሆነ እሱን ረጅሙ፣ እኔን አጭሩ ይሉን ነበር።»

ነገሩ ግልጽ ሆነ። ዱሮ አንድ ሰው የአንዱን ወረቀት ከሌላው ፋይል አስገብቶታል። ጸሐፊው ግን ዝም ብሎ ማለዋወጥ አልችልም አለ። «ሁለታችሁም እዚህ ቀርባችሁ፣ የኔ አይደለም፣ የሱ ነው ብላችሁ ብትፈርሙ አስተካክላለሁ። ያኛው ዘለቀ ግን እስከ ዛሬ ስሕተት አለብኝ ብሎ አላመለከተም።»

ወደ ቀራንዮ የሄድነው ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ዝናቡ ባባራበት አንድ ከሰዓት ነው። ረጅሙ ዘለቀ ጠጅ ቤት እንዳላቸው ሰምተናል። እናቴ ይህን ስትሰማ «ጠጅ ቤት? ሴት ልጄን?» አለች። እትዬ አስካለ «የምንሄደው ለመንግሥት ጉዳይ ነው፤ አጠገቧ ነኝ» ብለው አስፈቀዱኝ። ጋሪ ተከራየን። በመንገዱ ዳር እሸት በቆሎ የሚጠብሱ ሴቶች ተደርድረው ነበር፤ ጭሱና የእርጥብ ሣሩ ሽታ እየተቀላቀለ ይመጣል። ለሁላችንም በቆሎ ተገዛ። ፈረሱ ጉድጓድ በረገጠ ቁጥር ጋሼ ዘለቀ ጭናቸውን በሁለት እጃቸው ይደግፋሉ፤ ፊታቸው ላይ ላብ አየሁ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጉዳዩን እንደ ጨዋታ ነበር የያዝኩት። ያን ላብ ሳይ ግን ሰውዬው እግራቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ ገባኝና በቆሎው አልዋጥልሽ አለኝ።

ጠጅ ቤቱን ለማግኘት አልተቸገርንም። የጠየቅነው ሰው ሁሉ «መትረየስ ቤት ነው?» እያለ በጣቱ ያሳየናል። ስንገባ ቤቱ ጢም ብሏል። ጠጪው ሁሉ ብርሌውን ይዞ ጸጥ ብሎ ወደ አንድ ሰው ያያል። ሰውዬው ራሳቸው ጣሪያውን ሊነካ የደረሰ፣ ጋቢ የደረቡ፣ እጃቸው እንደ ቅርንጫፍ የረዘመ ናቸው። ይተርካሉ። እኛ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ጨለም ያለው ጥግ ተቀመጥን።

እንዴት ያለ ትረካ ነበር። ተራራው፣ በረዶው፣ መትረየሱ ግሎ ውርጩን ሲያተነው፣ ጥይት አቀባዩ ሲወድቅ፣ ብቻቸውን ሲቀሩ። እኔ ጋሼ ዘለቀ ዘለው የሚያንቋቸው መስሎኝ እጃቸውን ልይዝ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አስደግፈው፣ አፋቸውን ትንሽ ከፍተው ያዳምጣሉ። በኋላ ስጠይቃቸው «መጨረሻውን ልሰማ ፈልጌ ነው። እኔ እኮ መሀሉ ላይ ራሴን ስቻለሁ» አሉኝ።

«በዚያች ሰዓት» አሉ ረጅሙ ዘለቀ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ፍንጣሪዋ መጥታ ቀኝ ጭኔን...»

«ግራ» አሉ ጋሼ ዘለቀ ከጥጉ።

ቤቱ ዞሮ አየን። ረጅሙ ዘለቀ ዓይናቸውን አጥብበው ጨለማውን ሲመለከቱ ቆዩ። ሲያውቋቸው እጃቸው ጋቢያቸው ውስጥ ገባ። «ግራ ጭኔን» ብለው አረሙና ታሪኩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ዘግተው ወደ ጓዳ ጠሩን።

ጓዳ ውስጥ የጠጅ ጋኖች መሀል ቆመው እነዚያ ትልልቅ እጆቻቸውን የሚያስቀምጡበት አጡ። «አላስጻፍኩትም» አሉ። «ወንድሜ፣ በማርያም፣ አላስጻፍኩትም። ስሰናበት ወረቀቱን ሰጡኝ፤ መትረየስ ተኳሽ ይላል። ልመልስ አስቤ ነበር። መንገድ ላይ አማቴ የሚሆኑት ሰው አገኙኝና አነበቡት። ለጡሩምባ ነፊ ልጄን አልሰጥም ብለው የነበሩ ሰውዬ ናቸው። በዚያው ሳምንት ሽማግሌ ላክ አሉኝ።»

«ታዲያ ጭንህን ሲጠይቁህስ?» አሉ ጋሼ ዘለቀ።

«ጭን ገልጦ የሚያይ ማን አለ? ሚስቴ አወቀች። እሷም ዝም አለች፤ ነፍሷን ይማረው። አሁን ይህ ቤት ስሙ መትረየስ ነው። ልጄ የመትረየስ ልጅ ተብላ ነው የተዳረችው። በዚህ ዕድሜዬ ጡሩምባ ነፊ ነበርኩ ብል ማን ይመጣልኛል?»

ጋሼ ዘለቀ ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ያበጠውን እግር አሳዩአቸው። ረጅሙ ዘለቀ አይተው ፊታቸውን አዞሩ። የገባንበት ጓዳ ጠበበኝ። አንዳቸው ስማቸውን፣ አንዳቸው እግራቸውን ይዘው ቆመዋል፤ እኔ የተማርኩት በአሥር ጣት መጻፍ ብቻ ነው።

የፈረዱት እትዬ አስካለ ናቸው። «ስማ» አሏቸው ረጅሙን ዘለቀ። «እኛ ቀራንዮ ድረስ የመጣነው ወሬህን ልንቀማህ አይደለም። መዝገብ ቤት መጥተህ ፈርም፤ ጸሐፊው ጠጅ ቤትህ አይመጣ። ወረቀቱ ለእኛ፣ ወሬው ለአንተ።»

ረጅሙ ዘለቀ ወደ ጋሼ ዘለቀ አዩ። «እያወራሁት ልኑር?»

«አውራው። እኔ እንዳንተ አድርጌ አልችልበትም። ጭኑን ብቻ አታሳስት።»

በቀጠሮው ቀን ረጅሙ ዘለቀ ከእኛ ቀድመው መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። ፊርማው ቀላል ይሆናል ብለን ነበር። ነገር ግን ጸሐፊው አንድ የመቶ አለቃ አስጠርቶ ነበርና መቶ አለቃው ሁለቱን ሽማግሌዎች ከእግር እስከ ራስ አይተው «ለጡረታ ብለው ተስማምተው ቢሆንስ? ጭኑን ሐኪም ያየዋል። ጡሩምባውን ግን እዚሁ እናየዋለን» አሉ። ከጊቢው ዘበኞች ክፍል ጡሩምባ መጣ።

መጀመሪያ ለጋሼ ዘለቀ ተሰጣቸው። ጉንጫቸው እስኪቀላ ነፉ። የወጣው ድምፅ እናቱ የጠፋችበት ጥጃ ድምፅ ነው። ጸሐፊው «ሆን ብለው ቢሆንስ?» አለ፤ እትዬ አስካለ «ሆን ብሎ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ካለ እሱም ሙያ ነው» አሉት።

ከዚያ ረጅሙ ዘለቀ ተቀበሉ። ወዲያው አልነፉም። አፉን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ከንፈራቸውን አርጥበው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ያ ድምፅ ወጣ። ጥርት ያለ፣ ቀጥ ያለ፣ ጣሪያውን ሰንጥቆ የሚሄድ። እኔ ምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ጊቢው ግን አወቀ። በየክፍሉ በር ይከፈት ጀመር። ከዘበኞቹ ክፍል ወጣት ወታደሮች የቆርቆሮ ሳሕናቸውን ይዘው እየሮጡ ወጡ። ወጥ ቤቱ ጭልፋውን እንደያዘ ብቅ ብሎ ገና ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ማን የምሳ ጥሪ እንደነፋበት በግራ መጋባት ይጠይቃል። ጋሼ ዘለቀ በዚያ ባበጠ እግራቸው ከአግዳሚው ተነሥተው ቀጥ ብለው ቆመዋል።

ረጅሙ ዘለቀ ሲጨርሱ ጡሩምባውን ለመመለስ እጃቸው እምቢ አላቸው። ደረታቸው ላይ ይዘውት ቆሙ።

መቶ አለቃው «ይህን ችሎታ ለምን ደበቁት?» አሏቸው።

«ጌታዬ፣ ስለ ጡሩምባ ቢወራ ማን ይሰማል?»

«እኔ ሰምቻለሁ» አሉ ጋሼ ዘለቀ እንደቆሙ። «ቆስዬ ስወድቅ ራሴን ከመሳቴ በፊት መጨረሻ የሰማሁት ያንተን ጡሩምባ ነው። አልሞትኩም ማለት ነው አልኩ።»

ሳሕን የያዙት ወታደሮች በመስኮት ያያሉ። መቶ አለቃው «ይስተካከል» አሉና ወጡ፤ ወጥ ቤቱንም ያለ ሰዓቱ ምሳ እንዲያቀርብ እንዳዘዙት በኋላ ሰማን።

የተስተካከለው ደብዳቤ የመጣው መስቀል አካባቢ ነው። ጋሼ ዘለቀ እኔን ጠርተው «አንብቢው» አሉኝ፤ እትዬ አስካለ ጎረቤቱን ሁሉ፣ የእድሩን ሊቀመንበር ጭምር፣ ጠርተው ደጃፋቸውን አስሞልተዋል። ጮክ ብዬ ለማንበብ ቆምኩና የመጀመሪያው መስመር ላይ ድምፄ ጠፋ። ወታደር በአጭሩ ሲጻፍ ወ/ር ነው። የጻፈው ሰው ግን ጣቱ አንድ ፊደል ስቶ ወ/ሮ ብሎታል።

«አንብቢ እንጂ» አሉኝ።

«ወይዘሮ ዘለቀ አየለ» አልኩ፣ «በኮሪያ ዘመቻ በመትረየስ ተኳሽነት ተሰልፈው ግራ ጭናቸውን የቆሰሉ መሆናቸውን እናረጋግጣለን።»

እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሊቀመንበሩ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። እኔ ተደናግጬ «ነገ ወስጄ አስተካክለዋለሁ ጋሼ፣ አንድ ፊደል ናት» አልኩ። ጋሼ ዘለቀ ደብዳቤውን ከእጄ ወስደው አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ተይው» አሉ። «ከእንግዲህ ሌላዋን ወይዘሮ ዘለቀ ፍለጋ አልዞርም።»

ሆስፒታል አብሬ ሄጃለሁ። ነርሷ መተላለፊያው ላይ «ወይዘሮ ዘለቀ» እያለች በተጣራች ቁጥር እትዬ አስካለ ቀድመው «አቤት» ይላሉ፤ ከዚያ ባላቸውን በክንዳቸው ይዘው ያስገባሉ። ማንም አልጠየቀም። ፍንጣሪዋ ወጣች፤ ከስንዴ ቅንጣት ብዙም አትበልጥም። ረጅሙ ዘለቀ አንድ ብርሌ ጠጅ ጋቢያቸው ሥር ደብቀው ሊጠይቁ መጡና ሐኪሙ ሳያይ ሁለቱ እየተቀባበሉ ጠጡት።

ሁለቱም፣ እትዬ አስካለም፣ ካረፉ ቆይተዋል። ባለፈው ወር ከጎረቤታችን ቀብር በኋላ ባለው ሳምንት ሴት ልጄን ቀራንዮ ውሰጂኝ አልኳት። ጠጅ ቤቱ የነበረበትን ቦታ ልለየው አልቻልኩም፤ ፎቅ በፎቅ ሆኗል። ይሆናል ያልኩት ቦታ ላይ አንድ ኬክ ቤት አለ። ገብተን ሻይ አዘዝንና ለልጄ ነገሩን ሁሉ ከመጀመሪያው አወራኋት። አስተናጋጇ፣ ገና ልጅ ናት፣ ትሪዋን ደረቷ ላይ ይዛ አጠገባችን ቆማ ትሰማለች። ስጨርስ ልጄ፣ ሕግ የተማረች ናትና፣ ውሸታሙ ሰውዬ በዝምታ መታለፋቸው ትክክል ነበር ወይ ብላ ትከራከረኝ ጀመር። እኔም በዚህ ዕድሜዬ መልሱን በደንብ አላውቀውም። የሁለቱም ወረቀት፣ ከዚያች አንድ ፊደል በቀር፣ በመጨረሻ ተስተካክሏል፤ ሰውና ወረቀት ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልገጠሙላቸውም። አንደኛው ጠጅ ቤት ውስጥ መትረየስ ተኳሽ፣ አንደኛው ሆስፒታል ውስጥ ወይዘሮ ነበሩ። በዚህ የተጎዳ ሰው ቢኖር ያ ወጥ ቤት ብቻ ይመስለኛል።

አስተናጋጇ ግን ይህ ሁሉ አላሳሰባትም። «ቆይ እማማ፣ እግራቸው ዳነ?» አለችኝ።

በዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ ዋናውን ነገር የጠየቀችኝ እሷ ናት። ድኗል አልኳት። እብጠቱ ጠፍቶ ለብዙ ዓመት በየእሑዱ ከኮልፌ ቀራንዮ በእግራቸው ይመጡ ነበር። የሰፈራችን በርበሬ ግን ከዚያ ወዲያ በዝናብ ተመታ።